አየህ ወይስ መሰለህ?

ክቡር የፓርካችን ኃላፊ፣ የሥራ ባልደረቦቼ፣ የጋሽ ዱካ ባለቤት እትዬ፣ ሁለቱ ልጆቻቸው፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ወንበር ያልደረሳችሁ ከካርታው ሥር ያለው አግዳሚ ላይ ጠጋ ጠጋ በሉ። ዝናቡ ቆርቆሮውን መደብደብ ከጀመረ ድምፄን ከፍ አደርጋለሁ፤ ያም ካልበቃ እስኪያባራ ዝም ብለን እንጠብቃለን። ዝናብ መጠበቅን ያስተማረን ሰው ፊታችን ተቀምጧልና አይቸግረንም።

ጋሽ ዱካ እዚህ ፓርክ የመጣበትን ቀን እኔ አላየሁም። ያላየሁትን ባወራ ከወንበሩ ተነስቶ እንደሚያስቆመኝ ስለማውቅ፣ ያየ ሰው ፈልጌ ጠይቄያለሁ። ያየችው ወጥ ቤት ያለችው እታለም ናት። እሷ እንደነገረችኝ፣ የዛሬ ሠላሳ አራት ዓመት አንድ ቀጭን ሰው የተወለወለ የከተማ ጫማ አድርጎ፣ ጃንጥላውን በብብቱ ሸጉጦ ከጭነት መኪና ላይ ዘለለ። የዘለለውም ጭቃ ውስጥ ነው። ጫማውን አይቶ አዘነና የቅጥር ደብዳቤው እንዳይቆሽሽ ከኪሱ አወጣው። ይሄኔ አንዲት ጦጣ ከጣራው ወርዳ ደብዳቤውን ከእጁ መንትፋ ዛፍ ላይ ወጣች።

የዚያን ጊዜው ኃላፊ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ከቢሮ ብቅ ብለው ደብዳቤው የታለ አሉት። ጦጣ ወሰደችው አላቸው። እሳቸው ቀና ብለው ዛፉን እንኳ ሳያዩ፣ «አየህ ወይስ መሰለህ?» አሉት።

አይቻለሁ ቢላቸው፣ እንግዲያው አሳየኝ ብለው ዛፉ ሥር አቆሙት። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት አንገቱን ሰቅሎ ቆመ። ጦጣዋ ግማሹን በልታ ግማሹን ጣለችለት፤ በዚያ ግማሽ ደብዳቤ ተቀጠረ። ባለፈው ወር የጡረታ ክፍሏ ፀሐፊ ፋይሉን ከፍታ የቀረው ግማሽ የት እንዳለ ብትጠይቀው ጦጣ በላችው አላት። ጋሽ ዱካ ቀልድ እንደማይችል ስላላወቀች ብቻዋን ሳቀች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ያቺን ጥያቄ ወርሷታል። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ካለን ሰዎች በእሷ ያልተያዘ የለም። ነብር አየሁ ብለህ እየሮጥክ ትመጣለህ፤ እሱ ሻዩን አስቀምጦ «አየህ ወይስ መሰለህ?» ይልሃል። መለስ ብለህ ታስባለህ። ያየኸው ቢጫ ነገር ነው፣ ቅጠልም ሊሆን ይችላል። ሻዩን ያነሳና ይቀጥላል።

ወደ ሌላው ከመሄዴ በፊት አንድ ነገር ልንገራችሁ። እዚህ ጠረጴዛ ላይ በላስቲክ የተጠቀለለ ነገር አለ። ምን እንደሆነ ጋሽ ዱካ አውቆታል፤ ስገባ አይቶት ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሯል። ብርጭቆ የማነሳው ይህን ከፈታሁ በኋላ ነው። ነገ ጠዋት ሦስተኛውን ኬላ ከእሱ የምረከበው እኔ ነኝ ተብሏል። የምናገረውን ከሰሙ በኋላ ልረከብ ይገባኛል ወይ የሚለውን ኃላፊያችን ይወስናሉ። እስከዚያው ትንሽ ላማው፣ ለሽኝት የመጣነው ለዚሁም ነውና።

እኔ ሦስተኛው ኬላ ስመደብ የሃያ አራት ዓመት ልጅ ነበርኩ። እናቴ ታላቅህን አክብር ብላ አሳድጋኛለችና፣ በመጀመሪያው ቀን ጫካ ስንገባ አንቱ እያልኩ ተከተልኩት። ወንዙን ሳንሻገር አስቆመኝ። «ስማ፣» አለኝ፣ «ጋሼ እዚህ ላይ ተጠንቀቁ፣ እባክዎ ወደ ግራ ይበሉ እያልክ ጎሹ ይደርስብኛል። አንተ በለኝ።» ለዚህ ነው ዛሬም በዚህ ሁሉ ሰው ፊት አንተ የምለው። እትዬ፣ ከንቀት እንዳይቆጥሩብኝ፤ የደኅንነት መመሪያ ነው።

ጫማውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ከማጥለቁ በፊት ሦስት ጊዜ ይመታዋል፣ ይገለብጠዋል፣ ውስጡን ያያል፣ ያሸተዋል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላል። በሠላሳ አራት ዓመት ውስጥ የወጣለት አንድ እንቁራሪት ነው፤ እሱንም መዝገብ ላይ ጽፎታል። እስክሪብቶው ደግሞ በክር ከሸሚዙ ቁልፍ ጋር የታሰረ ነው። አሁንም ታስሯል፣ እዩት፤ ለሽኝቱ አዲስ ሸሚዝ ተገዝቶለት እንኳ ክሩን አዛውሮታል። ማንም እስክሪብቶ አውሰኝ ቢለው ሰውየው ራሱ አብሮ ይመጣል።

መዝገቡን በተመለከተ ለከተማ እንግዶቻችን ላስረዳ። በየኬላው አንድ ትልቅ ጥቁር መዝገብ አለ። ጠባቂ ከጫካ ሲመለስ ጫማውን ሳያወልቅ ያየውን ይጽፋል፤ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ የእንስሳውን ቁጥር። የኬላው አለቃ አንብቦ ይፈርማል። ጋሽ ዱካ ጋ «ብዙ ጉሬዛ» ብለህ መጻፍ አትችልም። ብዙ ስንት ነው ይልሃል። ሰዓት ከረሳህ ከምግብ ያስነሳሃል። ስትሳሳት ደግሞ መፋቅ የለም፣ ገጽ መቅደድ የለም፣ ላዩ ላይ ደራርቦ መጻፍ የለም። አንድ መስመር ብቻ ታሰምርበታለህ፤ ከሥሩ ያለው ስህተት እንዲነበብ ሆኖ። ከጎኑ እውነቱን ትጽፋለህ፣ ስምህን ታኖራለህ። የሚያርመውም የጻፈው ሰው ራሱ ነው እንጂ ሌላ ሰው አይነካውም።

መዝገብ ሲሞላ ወደዚህ ወደ ዋናው ቢሮ ይላካል። ከሦስተኛው ኬላ ከአንደኛ እስከ ስድስተኛ መጥተዋል፣ ከስምንተኛ እስከ አሥራ አንደኛም መጥተዋል። ሰባተኛው የለም። የመዝገብ ቤቷ እህታችን አምስት ደብዳቤ ጽፋለታለች። አንዴም ጭራሽ መኪና ይዛ ኬላው ድረስ መጥታ ነበር። ለሁሉም የሰጣት መልስ አንድ ነው፤ «አላለቀም።» ገልጣ አየችው፣ እስከ መጨረሻው ገጽ ተጽፎበታል። «ሞልቷል እኮ ጋሼ» ብትለው «መሙላቱን አውቃለሁ፤ አላለቀም» አላት። እሷ ግትርነት መሰላት። እናንተም ከእሷ ሰምታችሁ ለዓመታት ስቃችሁበታል። እኔም አብሬ ስቄያለሁ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ሰባተኛው መዝገብ ይኸውና። ይህ ላስቲክ ውስጥ ያለው እሱ ነው።

የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት ነው። ወሩ ዝናብ የማያባራበት ወር ነበር። የእኛን ጫካ በዚያ ወር ያላየ ሰው አየሁት አይበል። ወንዙ ቀይ ሆኖ ይሞላል፤ ደንገሉ እስከ ወገቡ ይሰጥማል፤ ጉማሬዎቹ ዳር ወጥተው መንገዳችን ላይ ይተኛሉ። ዛፎቹ ከላይ ተገጣጥመው ሰማዩን ስለሚዘጉት ዝናቡ ካባራ በኋላም ለሰዓታት ከቅጠል ወደ ቅጠል ይወርዳል። አልቅት ከየሣሩ ጫፍ ቆሞ ይጠብቅሃል። ከኬላው የሁለት ሰዓት ተኩል መንገድ ሄደህ ጫካው ድንገት ይከፈትና ገላጣ ሜዳ ላይ ትወጣለህ። አፈሩ ጨዋማ ነው። ዝሆኖቹ በጥርሳቸው እየቆፈሩ ይበሉታል፤ ከእናት ወደ ልጅ ሲወርድ የመጣ ገበታቸው ነው። የጨው ሜዳ እንለዋለን። የዚያን ጊዜ መንጋው አሥራ አራት ነበር። የምትመራቸው ግራ ጆሮዋ የተቀደደ ትልቅ እናት ዝሆን ናት፤ አጠገቧ ገና ዓመት ያልሞላው ግልገል ነበራት።

ሐሙስ የጨው ሜዳ ተራ የኔ ነበር። ጋሽ ዱካ ወባ ይዞት ብርድ ልብስ ተከናንቦ ተኝቷል። እኔ ወንዙ ላይ የተወጠረውን ገመድ ይዤ ተሻገርኩ፣ እኩል መንገድ ሄድኩ። እዚያ ላይ ትልቁ ዋርካ አለ፤ ሥሮቹ ከመሬት በላይ እንደ ግድግዳ የቆሙ፣ ውስጡ ደረቅ። ለአፍታ ልረፍ ብዬ ገባሁ። ዝናቡ ከበደ። አንድ ሰዓት አለፈ፣ ሁለት አለፈ። ቢያዩኝ እስቃለሁ፣ ባያዩኝ እሰርቃለሁ የሚባለው ሰው በዚያ ቀን እኔ ነበርኩ።

ከሜዳው በኩል የዝሆን ጩኸት ሰማሁ። ደጋግማ ጮኸች። እኔ ያልኩት፣ እንግዲህ እዚያው ናቸው፣ ደህና ናቸው። ዝናቡ እኩለ ቀን ላይ ሲያባራ ወጥቼ ወደ ኬላ ተመለስኩ። መዝገቡ ላይ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፤ «የጨው ሜዳ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት፣ አሥራ አራት ዝሆኖች፣ ሁሉም ደህና።» ወደ አልጋው ወሰድኩለት። ጋሽ ዱካ ከብርድ ልብሱ ሳይወጣ ፈረመ። ጥያቄዋን አልጠየቀኝም። በሠላሳ አራት ዓመት ውስጥ ያልጠየቀባት ቀን እሷ ብቻ ናት።

ቅዳሜ ጠዋት ትኩሳቱ ለቀቅ ሲያደርገው ተነሳና እንሂድ አለኝ። እንደ ልማዱ ከኋላ ሆኖ ተከተለኝ። ዋርካው ጋ ስንደርስ የእግሩ ድምፅ ቆመ። ዞሬ ሳይ ጎንበስ ብሎ መሬቱን ያያል። ከሐሙስ እኩለ ቀን በኋላ ዝናቡ ፋታ ሰጥቶ ነበርና፣ ስመለስ የረገጥኩት ጭቃ ሳይታጠብ ደርቆ ቀርቷል። የኔ ዱካ ከዋርካው ሥር ይጀምርና ወደ ኬላ ይሄዳል። ከዚያ ወዲያ ወደ ሜዳው የሚሄድም የሚመለስም የለም። ቀና ብሎ በእጁ ቀጥል አለኝ።

ግልገሉ ሜዳው ጠርዝ ላይ በሽቦ ወጥመድ ተይዞ ሞቷል። ጭቃው ዙሪያውን ተረግጦ ጉድጓድ ሆኗል። እናቱ አልሄደችም። መንጋውም አልሄደም፤ ራቅ ብለው ቆመዋል። ከነፋሱ በታች ሆነን ለረጅም ጊዜ ቆምን። ጋሽ ዱካ ዱካውን አንብቦ ሽቦው የተጠመደው ረቡዕ እንደሆነ፣ ግልገሉም ሐሙስ በሕይወት እንደነበረ በሹክሹክታ ነገረኝ። ሽቦ ይቆረጣል፤ መቁረጫው ሐሙስ ዕለት ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ያ የሰማሁት ጩኸት የደህና ጩኸት አልነበረም።

ስንመለስ ዋርካው ጋ ቆመና «እዚህ ነበርክ» አለኝ። ጥያቄ አልነበረም። አዎ አልኩት።

በሳምንቱ ከበላይ መሥሪያ ቤት ሦስት መርማሪዎች መጡ። የተቀመጡት እዚሁ አዳራሽ ውስጥ፣ ያ የጎሽ ቀንድ የተሰቀለበት ጥግ ላይ ነው። መዝገቡን ከፊቱ ገለጡት። ማን ፈረመ አሉት፤ እኔ አለ። አይተህ ነው አሉት፤ «ያላየሁትን ፈርሜያለሁ» አለ። ጠባቂህ በእርግጥ ሄዶ ነበር ወይ ብለው ሲጠይቁት፣ «ፊርማው የኔ ነው። የምትጠይቁት ካለ እኔን ጠይቁኝ» አላቸው። ያን ቀን ከአፉ አንድም ውሸት አልወጣም። የኔን እውነት ግን ለኔ ተወልኝ። እኔ በሩ አጠገብ ቆሜ ነበር። ባለቤቴ ነፍሰ ጡር ነበረች፤ ብባረር የት እንወድቃለን እያልኩ ለራሴ ምክንያት ደረደርኩ። እውነቱ ፈርቼ ነው።

አሁን ወደ እርስዎ ልምጣ እትዬ። በዚያ ወር ጋሽ ዱካ የጥበቃ ክፍሉ ዋና አስተባባሪ ሆኖ ወደዚህ ሊዛወር ደብዳቤው ተፈርሞ ነበር። ቤት ተሰጥቶት ከእናንተ ጋር ሊኖር ነበር። ትልቋ ስምንተኛ ክፍል፣ ትንሿ አምስተኛ ክፍል ነበራችሁ፤ ክፍላችሁን በቃሉ ይነግረን ነበር። ደብዳቤው ተሰረዘ፣ በምትኩ ማስጠንቀቂያ ደረሰው። ከዚያ ወዲህ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በወር አራት ቀን ብቻ እያያችሁት አደጋችሁ። ለምን እንደቀረ ምን ብሎ እንደነገራችሁ አላውቅም። እሱን ሳውቀው ሆድ ይፍጀው ብሎ ትቶት ይሆናል። የቀረው በኔ ነው። እህቶቼ፣ ይህን ከኔ አፍ መስማት ይገባችሁ ነበር፤ ዘግይቷል።

የበላይ ሰዎቹ የሄዱ ዕለት ወደ ኬላ ስንመለስ የነገረኝን አንዲት ቃል ሳላጎድል ልንገራችሁ። «ገጹን እኔ አላርመውም፤ የጻፍከው አንተ ነህ። በቻልክ ቀን ታርመዋለህ።» ከዚያ ወዲያ አንስቶት አያውቅም። አልገላመጠኝም፣ በሰው ፊት አላሳጣኝም፣ ተራዬንም ወደ ቀላሉ መንገድ አላዞረውም። በሚቀጥለው ሐሙስ የጨው ሜዳን ተራ መልሶ ለኔ ሰጠኝ። ስመለስም እንደ ማንኛውም ሰው «አየህ ወይስ መሰለህ?» አለኝ። በዚያች ጥያቄ ሥራዬን መለሰልኝ። ሰባተኛው መዝገብ ግን ከመደርደሪያው አልወረደም። በየቀኑ አየው ነበር። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ እኔ ግን ንጋቱን አሥራ አንድ ዓመት በር ዘግቼበታለሁ።

ጋሼ፣ ጊዜው ደርሷል። እስክሪብቶህን አውሰኝ።

ክሩ አጭር ነው፤ አትፍታው፣ ግድ የለም። አጠገብህ ተንበርክኬ እጽፋለሁ። መዝገቡን ጉልበትህ ላይ ላድርገው። ገጹ ይኸው ነው፣ ሳልፈልገው ይከፈታል። አንድ መስመር አሰመርኩ። ከሥሩ ይነበባል፤ አሥራ አራት ዝሆኖች፣ ሁሉም ደህና። ከጎኑ የምጽፈውን ሁላችሁም እንድትሰሙ ላንብበው። «በዚህ ቀን የጨው ሜዳ አልደረስኩም። ዋርካው ሥር ተቀምጬ ነበር። ዝሆን አላየሁም፤ ስትጮህ ግን ሰምቻለሁ።» ስሜን ጻፍኩ፣ ፈረምኩ።

ሰዓቱን አልጻፍክም ይለኛል። ሰምታችሁታል? አሥራ አንድ ዓመት ጠብቆ ያለኝ ይህንን ነው። እሺ ጋሼ። አሁን ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ ነው፤ ጻፍኩት።

የመዝገብ ቤቷ እህታችን፣ ነይ ውሰጂው። አሁን አልቋል።

ክቡር ኃላፊ፣ ነገ የኬላውን ቁልፍ ለሌላ ሰው ቢሰጡት ቅር አይለኝም ብል ይህም ሌላ ውሸት ይሆናል። ቅር ይለኛል። ግን አልከራከርዎትም፣ ውሳኔው የእርስዎ ነው።

ጋሼ፣ አመሰግንሃለሁ። ሰው ሲሳሳት ገጹ እንደማይቀደድ ያሳየኸኝ አንተ ነህ። ላደረግህልኝ ካሳ አድርጌ ልመልስልህ የምችለው ነገር የለኝም፤ ልጆችህ ያደጉበትን ጊዜ ከየት አመጣዋለሁ? ይቅር በለኝ የሚለውንም ዛሬ በሰው ፊት ብልህ እምቢ ማለት ይቸግርሃል። እሱን ሌላ ቀን፣ ብቻህን ስትሆን ቤትህ መጥቼ እጠይቅሃለሁ። ያን ጊዜ እንዳሻህ ትመልስልኛለህ።

በሉ እንግዲህ ተነሱ፣ በእጃችሁ ያለውን ብርጭቆ አንሱ። አንተ ተቀመጥ ጋሼ፣ ዛሬ የምንቆመው እኛ ነን። ጫማህን ሳታራግፍ የምታጠልቅበት ጠዋት ያምጣልህ። እትዬ ጠዋት ጠዋት የት ገባ ብለው የማይጨነቁበት ዘመን ይሁን። ልጆችህን በወር አራት ቀን ሳይሆን እስኪሰለቹህ እያቸው፣ የልጅ ልጆችህንም ጉልበትህ ላይ አስቀምጠህ ብዙ ስንት ነው በላቸው። ጤና ይስጥህ፣ ዕድሜህን ያርዝመው።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። ወደዚህ ከመምጣቴ በፊት ዛሬ ጠዋት የጨው ሜዳ ሄጄ ነበር። ተራዬ አልነበረም። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከአሥር፣ ጉሙ ገና ከሣሩ ሳይነሳ ቆጠርኳቸው። አሥራ ሰባት ናቸው። ጆሮዋ የተቀደደው እናት አርጅታለች፣ ግን ትመራቸዋለች። ያ ግልገል የወደቀበት ቦታ ላይ ቆማ ነበር። ከሆዷ ሥር አዲስ ግልገል አለ፣ ገና እግሩ አልጠናም።

ልትጠይቀኝ ከንፈርህ ሲንቀሳቀስ ይታየኛል። አትድከም ጋሼ። አይቼ ነው። ለጤናህ።